ለጀማሪ ተማሪ ክላርኔት ስለ መምረጥ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ለሙዚቃ መምህራን የቀረበ ንግግር)




የጉባኤው አዘጋጆች ንግግር እንዳደርግ በጠየቁኝ ጊዜ ስለ ሙዚቃ ታሪክ ወይም ስለ ቅኝቶቻችን ባሕርይ እንደምናገር ሳይጠብቁ አልቀሩም። እኔ የመረጥሁት ርእስ ግን ከዚያ ዝቅ ያለ መስሎ የሚታይ፣ ነገር ግን መስከረም በጠባ ቁጥር በእያንዳንዳችን ደጃፍ የሚቆም ጥያቄ ነው። አንድ አባት ወይም አንዲት እናት ልጃቸውን በእጃቸው ይዘው ይመጡና፣ «መምህር፣ ልጃችን ክላርኔት መማር ትፈልጋለች፤ የትኛውን እንግዛላት?» ይሉናል። ብዙዎቻችን ለዚህ ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። መልሱ የሚያስከትለው ውጤት ግን ከልጁ ጋር ለዓመታት ይኖራል።

ስለዚህ ጉዳይ ለመናገር የተነሣሁት ዐዋቂ ነኝ በማለት ሳይሆን አንድ ጊዜ በመሳሳቴ ነው። ስለሆነም ከስሕተቴ ልጀምር።

ከብዙ ዓመታት በፊት አንድ የመንግሥት ሠራተኛ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጁን ይዞ ወደ እኔ መጣ። ዕቁቡ ደርሶት ስለ ነበር ገንዘቡ በእጁ ነው። የትኛውን እንዲገዛ በጠየቀኝ ጊዜ፣ «ለጀማሪ ማናቸውም አዲስ ክላርኔት ይበቃል» ብዬ አሰናበትሁት። በሳምንቱ ልጅቱ የሚያብረቀርቅ መሣሪያ በሚያምር ሣጥን ይዛ መጣች። እኔም ውበቱን አይቼ፣ «እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለሽ» አልኋት። አልነፋሁበትም።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነገሩ ሁሉ መልካም ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን ወደ ዝቅተኛዎቹ ድምፆች ስትወርድ መሣሪያው ይጮኽባታል፤ ወደ ላይኛው የድምፅ ክልል ልትሻገር ስትሞክር ደግሞ ፈጽሞ እምቢ ይላታል። ከንፈርሽን አጥብቂ አልኋት፤ አጠበቀች። ትንፋሽሽን አብዢ አልኋት፤ አበዛች። በስድስተኛው ወር በማስታወሻ ደብተሬ ላይ «ከንፈሯ ደካማ ነው፤ ትጋትም ይጎድላታል» ብዬ ጻፍሁ። ብዙም ሳይቆይ ልጅቱ መምጣቷን አቆመች።

በዓመቱ አባትየው መሣሪያውን የሚገዛ ሰው እንዳፈላልግለት ይዞልኝ መጣ። ለገዢ ከማሳየቴ በፊት ልሞክረው ብዬ ነፋሁበት። ከሃያ ዓመት በላይ ክላርኔት የነፋሁ ሰው ያችን ልጅ ያቃታትን ድምፅ ማውጣት አቃተኝ። የሲጋራ ወረቀት አምጥቼ ፓዶቹን አንድ በአንድ በፈተሽሁ ጊዜ በታችኛው አካል ላይ ያሉት ሁለቱ በአንድ ወገናቸው ጨርሶ እንደማይከደኑ አየሁ። ላስተካክላቸው ሞከርሁ፤ ነገር ግን ብረቱ ለስላሳ በመሆኑ ቁልፉ በማግሥቱ ተመልሶ ጎበጠ።

ልጅቱን አስጠርቼ ጥፋቱ የእርሷ እንዳልነበረ ነገርኋት። ዝም ብላ ከሰማችኝ በኋላ፣ «ታዲያ ጋሼ፣ ያን ጊዜ ለምን አልነፉበትም?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ዛሬ በፊታችሁ የምናገረው ሁሉ ለዚያ ጥያቄ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው።

ክላርኔት ለምን በቀላሉ ይታመማል?

አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉና የመሣሪያውን ጠባይ አስቀድመን እንመልከት።

ክላርኔት በ1700 እ.ኤ.አ. ገደማ በጀርመን አገር በኑረምበርግ ከተማ ዮሐን ክሪስቶፍ ዴነር በተባለ መሣሪያ ሠሪ እጅ እንደ ተገኘ ይነገራል። ዛሬ በአብዛኛው ዓለም የሚሠራበት የቁልፍ አደራደር የተዘጋጀው ግን በፓሪስ ሲሆን፣ ደራሲዎቹም የኮንሰርቫቷሩ መምህር ኢያሰንት ክሎዜና መሣሪያ ሠሪው ሉዊ ኦጉስት ቡፌ ናቸው። ሥራቸው በ1839 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ታየ። ይህ የቦኧም ሥርዐት እየተባለ የሚጠራው ሲሆን፣ በተለመደው መልኩ 17 ቁልፎችና 6 ቀለበቶች አሉት።

የክላርኔት የውስጥ ቧንቧ ከሞላ ጎደል ከላይ እስከ ታች እኩል ስፋት ያለው ነው፤ በማውዝፒሱ በኩል ደግሞ እንደ ተዘጋ ይቆጠራል። በዚህም ምክንያት ዋሽንትም ሆነ ሳክስፎን ጠንከር አድርገው ወይም በኦክታቭ ቁልፍ ሲነፏቸው ወደሚቀጥለው ኦክታቭ ሲዘልሉ፣ ክላርኔት ግን ኦክታቩን አልፎ ወደ አሥራ ሁለተኛው ድምፅ ይዘልላል። የታችኛውን ኢ ይዘን የመሸጋገሪያውን ቁልፍ ብንከፍት የምናገኘው ኢ ሳይሆን ቢ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ሰፊ ክፍተት ለመሙላት ብዙ ቀዳዳዎችና ብዙ ቁልፎች ያስፈልጋሉ።

እንግዲህ እያንዳንዱ ቁልፍ ከሥሩ ፓድ አለው። እያንዳንዱም ፓድ አየር ሊያሾልክ ይችላል። አየሩ ከላይ ከሾለከ ከዚያ በታች ያሉት ድምፆች ሁሉ ይታመማሉ። ልምድ ያለው ተጫዋች ትንሹን ሽንቁር በከንፈሩና በትንፋሹ ኀይል ሊያሸንፈው ይችላል። ጀማሪው ልጅ ግን ምን እያሸነፈ እንዳለ እንኳ አያውቅም። ስለዚህ ርካሽና ጉድለት ያለበት መሣሪያ ለጀማሪ ይበቃል የሚለው አነጋገር የተገለበጠ ነው። መጥፎ መሣሪያ መሸከም የሚችለው ዐዋቂው ነው፤ ልጁ አይችልም።

ልጁን ከመሣሪያው ጋር ማመዛዘን

ከሁሉ አስቀድሞ መታየት ያለበት ልጁ ራሱ ነው። የተለመደው ቢ ፍላት ክላርኔት ርዝመቱ 66 ወይም 67 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ክብደቱም ከግማሽ ኪሎ ይበልጣል። ይህ ክብደት በአብዛኛው የሚያርፈው በቀኝ እጅ አውራ ጣት ላይ ነው። የላይኛዎቹ የፊት ጥርሶች የወተት ጥርስነታቸው አብቅቶ ቋሚ ሆነው መብቀል አለባቸው፤ ምክንያቱም ማውዝፒሱ የሚያርፈው በእነርሱ ሥር ነው። የቀኝ እጅ የቀለበት ጣትም የመጨረሻውን ቀዳዳ ሳይንጠራራ በሥጋው መድፈን ይኖርበታል። ብዙ ልጆች ለዚህ የሚደርሱት ከ9 እስከ 11 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ነገር ግን ዕድሜን ከመቁጠር ይልቅ እጅን መለካት ይሻላል፤ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

እጁ ገና ያልደረሰ ልጅ መጥቶ እንደሆነ «ተመለስ» ብለን አንስደደው። ሪኮርደር ወይም የገዛ አገሩን ዋሽንት ይያዝ። የከንፈር አያያዙ ቢለያይም ቀዳዳን በጣት ሥጋ መድፈንን፣ ትንፋሽን መቆጠብን፣ ከሁሉም በላይ ማዳመጥን ያስተምረዋል። ለትንንሽ ልጆች ተብለው በሲ ቃና የሚሠሩ ቀላል የፕላስቲክ ክላርኔቶችም አሉ። መጠኑ ለደረሰ፣ ጣቱ ግን ቶሎ ለሚደክም ልጅ ደግሞ የአንገት ማንጠልጠያ ይታዘዝለት።

እንጨት ወይስ ፕላስቲክ?

ወላጆች በብዛት የሚጠይቁን ጥያቄ ይህ ነው። «እውነተኛው የእንጨቱ ነው ይባላል፤ ቢወደድም እርሱን ልግዛ?» ይላሉ።

ጥሩ የባለሙያ ክላርኔት የሚሠራው ግረናዲላ ከሚባለው ጥቁር እንጨት መሆኑ እውነት ነው። ይህ እንጨት ከክብደቱ የተነሣ በውሃ ላይ አይንሳፈፍም። ዛፉ የሚበቅለው በአፍሪካ ደረቅ ቆላዎች ሲሆን፣ ለመሣሪያ ሠሪዎች በይበልጥ የሚያቀርቡት ታንዛኒያና ሞዛምቢክ ናቸው፤ በኢትዮጵያም ይገኛል። ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ በመሆኑ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ውሏል፤ ያለቀለት የሙዚቃ መሣሪያ ከዚሁ ቁጥጥር ነፃ የሆነው በ2019 በተደረገ ማሻሻያ ነው።

ሆኖም እንጨት ሕይወት እንዳለው ነገር ነው፤ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸማቀቃል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በበጋው ወራት አየሩ ደረቅ፣ ሌሊቱ ብርድ፣ ቀኑ ፀሐይ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ የቀዘቀዘ የእንጨት ክላርኔት ከሣጥን አውጥቶ ሞቃትና እርጥብ ትንፋሽ በድንገት የሚነፋበት ልጅ፣ የመሣሪያው ውስጥ እያበጠ ውጩ እንደ ደረቀ እንዲቀር ያደርጋል። ስንጥቅ የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው። አዲስ የእንጨት መሣሪያ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቀን ለጥቂት ደቂቃ ብቻ እየተነፋ መለማመድ አለበት፤ በየጊዜውም መወልወል ይፈልጋል። ይህን ሁሉ ከአሥር ዓመት ልጅ መጠበቅ አይቻልም።

ጥሩ ፕላስቲክ፣ ማለትም ሬዚን እየተባለ የሚጠራው፣ ከደረቅ አየር የተነሣ አይሰነጠቅም፤ በውሃ ይጸዳል፤ በትምህርት ቤት ጠረጴዛ ላይ ቢውልም ይታገሣል። የድምፁን ጠባይ በይበልጥ የሚወስኑት የውስጥ ቧንቧው ስፋት፣ የቀዳዳዎቹ አቀማመጥ፣ ማውዝፒሱና ሪዱ ናቸው። በትክክል የተቦረቦረ ፕላስቲክ በግድየለሽነት ከተቦረቦረ እንጨት በእጅጉ ይበልጣል። ስለዚህ ለጀማሪ የምመክረው ያለ አንዳች ማመንታት ጥሩ ፕላስቲክ ነው። ለምሳሌ ያህል የያማሃ ዋይ ሲ ኤል 255 እና የቡፌ ክራምፖን ፕሮዲጅ ለዚሁ ለተማሪ ተብለው የሚሠሩ፣ በብዙ አገር መምህራን ዘንድም የታወቁ ናቸው። ልጁ ሦስትና አራት ዓመት ተምሮ መንገዱ ከለየ በኋላ ስለ እንጨት መነጋገር ይቻላል። ከዚያ በፊት በውድ ዋጋ እንጨት መግዛት የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ይሆናል።

አሮጌ መሣሪያ በስጦታ ወይም በግዢ ሲመጣ

በአገራችን የነፋስ መሣሪያ ትምህርት በአብዛኛው ያደገው በባንዶች ውስጥ ነው። ራስ ተፈሪ በ1924 እ.ኤ.አ. ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የነፋስ መሣሪያ ባንድ ሆነው ማገልገላቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ሽለላን በሳክስፎን ያስጮኸው ጌታቸው መኩሪያም በማዘጋጃ ቤት ባንድ ሳክስፎንና ክላርኔት እየተጫወተ ያደገ ነው። በባንድ ቤት ያደገ ተማሪ መሣሪያውን የሚረከበው ከቀደመው ሰው እጅ ነበርና በአሮጌ መሣሪያ መማር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ዛሬም ከውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን በቅን ልቡና ያገለገሉ ክላርኔቶች ይልኩልናል። ጥሩ ሆኖ የተያዘ አሮጌ መሣሪያ ከመጥፎ አዲስ ይሻላል። ነገር ግን ሦስት ነገሮች ሳይጣሩ በልጅ እጅ መግባት የለበትም።

አንደኛ፣ የቁልፉ ሥርዐት። ቀደም ባለው ዘመን የተሠሩ ብዙ ክላርኔቶች የአልበርት ሥርዐት የሚባለውን የተከተሉ ናቸው፤ የጣት አያያዛቸውም ከመማሪያ መጻሕፍታችን ጋር አይስማማም። ቀላሉ መለያ ቀለበቶቹን መቁጠር ነው። በላይኛው አካል ፊት ሁለት፣ ከኋላ ለአውራ ጣት አንድ፣ በታችኛው አካል ሦስት፣ በጠቅላላው ስድስት ካልሆኑ የሚያውቅ ሰው ይጠየቅ።

ሁለተኛ፣ የተቃኘበት ከፍታ። በ1939 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ በተደረገው ስብሰባ ኤ በሴኮንድ 440 ንዝረት እንዲሆን ከመወሰኑ በፊት፣ በተለይ በእንግሊዝ ወታደራዊ ባንዶች ዘንድ ወደ 452 የተጠጋ ከፍተኛ ቃና ይሠራበት ነበር። እንዲህ ያሉት መሣሪያዎች ብዙውን ጊዜ «ኤች ፒ» የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደሎች ተቀርጸውባቸዋል። ከዛሬው ቃና ወደ ሩብ ቶን ያህል ከፍ ስለሚሉ ከፒያኖም ሆነ ከጓደኛ ክላርኔት ጋር አይስማሙም። በርሜሉን መሳብም አያድናቸውም፤ የላይኞቹን ድምፆች ዝቅ ሲያደርግ የታችኞቹን እምብዛም ሳይነካ ይቀራልና። በግድግዳ ላይ ቢሰቀሉ ጌጥ ይሆናሉ፤ ለትምህርት ግን አይሆኑም።

ሦስተኛ፣ የመሣሪያው ዓይነት። በኦርኬስትራ የሚሠራበት የኤ ክላርኔት በመልኩ የቢ ፍላቱን ይመስላል፤ ልዩነቱ በጥቂት ሳንቲ ሜትር መርዘሙ ነው። ይህን ሳያውቅ የያዘ ልጅ ከባልንጀሮቹ ሁልጊዜ በግማሽ ቶን ዝቅ ብሎ ይጫወታል፤ መምህሩም ጆሮ የለውም ይለዋል።

መፈተሻው

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ከመግዛት በፊት ሊደረግ የሚገባውን ፍተሻ እኔ በአራት ደረጃ ከፍዬ እሠራበታለሁ፤ ሁሉም በአንድነት ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም።

መጀመሪያ በዐይን ይታያል። አካሎቹ ተገጣጥመው ሲወዛወዙ መላወስ የለባቸውም። በመጋጠሚያዎቹ ላይ ያለው ቡሽ ያልተቆረሰ መሆን አለበት። የእንጨት ከሆነ የላይኛው አካል ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ በሚሄድ ቀጭን መስመር እንዳልተሰነጠቀ በብርሃን ይመርመር። ቁልፎቹ በጣት በቀስታ ሲጫኑ መጉበጥ፣ ሲለቀቁ መዘግየት የለባቸውም፤ የሚዘገይ ቁልፍ ሞላው ደክሟል ወይም ዘንጉ ጎብጧል ማለት ነው። የብሎኖቹ ጥርስ የተበላ ከሆነ ከዚህ በፊት ያልሠለጠነ እጅ በካቻቢቴ ነካክቶታል።

ሁለተኛ አየር መያዙ ይፈተናል። የላይኛው አካል ብቻውን ይያዝና ቀዳዳዎቹ በግራ እጅ ጣቶች፣ የታችኛው አፉ በቀኝ መዳፍ ይደፈን። ከዚያም በላይኛው አፍ አየሩ ወደ ውስጥ ይሳብ። አካሉ ደኅና ከሆነ የተሳበው አየር ለጥቂት ሴኮንዶች ይዞ ይቆያል፤ ምላስም ሲለቀቅ «ጧ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ወዲያው ከተነፈሰ ሽንቁር አለ። በታችኛው አካልም ቁልፎቹ እንደ አስፈላጊነቱ ተይዘው እንዲሁ ይደረጋል። ሽንቁሩ የት እንደሆነ ለማወቅ ቀጭን የሲጋራ ወረቀት በፓዱና በቀዳዳው መካከል ገብቶ፣ ቁልፉ በቀላሉ ተጭኖ በዝግታ ይሳባል። በአራቱም ማዕዘን እኩል መያዝ አለበት፤ በአንድ ወገን ልቅ ሆኖ ከወጣ በሽታው እዚያ ነው። ያን አባት ባስጠነቀቅሁት ኖሮ የሚበቃው ይህቺ አንዲት ወረቀት ነበረች።

ሦስተኛ ይነፋል። መሣሪያው ለአሥር ደቂቃ ያህል ከሞቀ በኋላ ከመካከለኛው ጂ ጀምሮ በዝግታ እስከ ታችኛው ኢ ይወረድ። ድምፁ በለሆሳስ ሲነፋም ሳይቆራረጥ መውጣት አለበት። ከዚያ እያንዳንዱ የታችኛው ድምፅ ተይዞ የመሸጋገሪያው ቁልፍ ይከፈት፤ አሥራ ሁለተኛው ድምፅ ያለ ግፊት መመለስ ይገባዋል። ከንፈርን ካላጠበቁ አልወጣም የሚል መሣሪያ ለልጅ አይሆንም።

አራተኛ ቃናው ይመዘናል። ዛሬ ቱነር በእጅ ስልክ ላይ ስለሚገኝ ይህ ቀላል ነው። የትኛውም ክላርኔት ፍጹም አይደለም፤ በተለይ በላይኛው አካል ያሉት የጉሮሮ ድምፆች የሚባሉት ጂ፣ ኤ እና ቢ ፍላት ቀጫጭንና ተንሸራታች ናቸው። የምንፈልገው ስሕተቱ ጥቂት ሆኖ በጆሮና በከንፈር ሊታረም የሚችል መሆኑን ነው።

በዚህ ላይ ከራሳችን ቅኝት የተወሰደ መፈተኛ ልጨምር። ጀማሪ ልጅ በሲ ላይ የተመሠረተውን ትዝታ ሜጀር፣ ማለትም ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤን፣ መሸጋገሪያውን ሳያልፍ ሊጫወተው ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚያውቀውን ዜማ የሚያገኘው በዚሁ ነው። ልብ በሉ፤ ከአምስቱ ድምፆች ሁለቱ፣ ጂ እና ኤ፣ የጉሮሮ ድምፆች ናቸው። እነዚህ ሁለቱ በመሣሪያው ላይ የተዛቡ ከሆነ ልጁ ትዝታን በተዛባ መልኩ ይለምዳል፤ ወይም በቤቱ የሰማው ዜማ ከመሣሪያው አልወጣ ሲለው ተስፋ ይቆርጣል። ባቲ ሜጀር ደግሞ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ በመሆኑ የመጨረሻው ቢ ጣቶች ሁሉ ተከድነው የሚወጣው የመጀመሪያው የሽግግር ድምፅ ነው። እንግዲህ በአንድ ክላርኔት ላይ ትዝታንና ባቲን በዝግታ ብንነፋ የመሣሪያውን ሁለት ደካማ ቦታዎች ፈተሽን ማለት ነው።

ማውዝፒስና ሪድ

ገንዘብ ሲያጥር ቁጠባው የሚደረገው በማውዝፒስ ላይ ነው፤ ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። መካከለኛ ክላርኔት በጥሩ ማውዝፒስ ይሻሻላል፤ ጥሩ ክላርኔት ግን በመጥፎ ማውዝፒስ ይበላሻል። ለጀማሪ የሚስማማው በጫፉና በሪዱ መካከል ያለው ክፍተት ጠበብ ያለው፣ ከ1 እስከ 1.1 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነው ነው። የያማሃ 4 ሲ እና የቫንዶረን 5 አር ቪ ላየር በዚህ ክልል ውስጥ ናቸው። ጫፉ የተሸረፈ ማውዝፒስ ግን የማንም ይሁን የማን መጣል አለበት።

ሪድ የሚሠራው ከሸምበቆ ነው፤ ስመ ጥሩ የሆነው በደቡብ ፈረንሳይ በቫር አውራጃ የሚበቅለው ነው። ለጀማሪ ቁጥር 2፣ ከንፈሩ ሲጠነክር ደግሞ ቁጥር 2 ተኩል ይበቃል። ጠንካራ ሪድ ለልጅ መስጠት ቶሎ ያሳድገዋል የሚል እምነት በመካከላችን አለ። ልጁን የሚያስተምረው ግን መንከስን ነው፤ የነከሰ ከንፈርን ማስተው ደግሞ ከማስተማር ይከብዳል። አንድ ሪድ እስኪሰበር ከመንፋት ሦስት ወይም አራቱን እያፈራረቁ መጠቀም ዕድሜያቸውን ያረዝማል። በደረቁ ወራት የሪዱ ጫፍ እንዳይወላገድ በመያዣው ውስጥ ይቀመጥ።

ስለዚህ ወላጁ ካለው ገንዘብ ላይ የሪድ፣ የቡሽ ቅባት፣ የመወልወያ ጨርቅና የዓመት ጥገና ዋጋ አስቀድሞ ይነሣ፤ በቀረው መሣሪያው ይገዛ። ገንዘቡን ሁሉ በሣጥኑ ላይ አፍስሶ ለሁለተኛው ሪድ ያጣ ቤተሰብ ብዙ አይቻለሁ።

የእኛ ድርሻ

ክቡራትና ክቡራን፤

ክላርኔት ከውጭ የሚመጣ፣ ለብዙ ቤተሰብ የወራት ደመወዝ የሚፈጅ ዕቃ ነው። ገዢው ሊፈትሸው አይችልም፤ ሻጩም ብዙ ጊዜ አያውቀውም። በመካከላቸው የሚያውቅ ሰው ቢኖር እኛ ብቻ ነን። ስለሆነም ለራሴ ያወጣኋቸውን ሦስት ሕጎች ለማኅበራችን አባላት አቀርባለሁ።

የመጀመሪያው፣ ያልነፋሁበትን መሣሪያ መልካም ነው አልልም። ወላጁ በግዢው ዕለት እንድገኝለት ቢጠይቀኝ እሄዳለሁ፤ መሄድ ካልቻልሁ ግዢው ይቆይ እላለሁ። ከሻጩም ጋር ዕቃው ሳይስማማ ቢቀር በጥቂት ቀናት ውስጥ እንዲመለስ አስቀድሞ ቃል ይገባበት።

ሁለተኛው፣ ከሻጭ እጅ መንሻ አልቀበልም። ይህን መናገር ደስ አያሰኝም፤ ነገር ግን ላገናኘበት ገዢ የድርሻውን የሚቀበል መምህር እንዳለ ሁላችንም ሰምተናል። የልጅን ጆሮ በኮሚሽን መለወጥ ለሞያችን ነውር ነው።

ሦስተኛው፣ ተማሪ በወደቀ ጊዜ አስቀድሜ መሣሪያውን፣ ቀጥሎ ትምህርቴን፣ በመጨረሻ ልጁን እመረምራለሁ። እኔ ቅደም ተከተሉን ገልብጬው ነበር።

ለመግዛት አቅም የሌላቸውን በተመለከተ ደግሞ፣ ትምህርት ቤቶቻችን አሥር ርካሽ መሣሪያ ከሚገዙ ሦስት ጥሩ ገዝተው በተራ ቢያስጠኑ እመርጣለሁ። ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ ማውዝፒስና ሪድ ለጤናም ሲባል ይሰጠው፤ አካሉን ግን መጋራት ይቻላል። በየትምህርት ቤቱም ፓድ መለወጥና ቡሽ መለጠፍ የሚችል አንድ ሰው ቢሠለጥን፣ በየቁም ሣጥኑ የተጣሉት ስንቶቹ መሣሪያዎች ነፍስ ይዘሩ ነበር!

ያቺ ልጅ ወደ ክላርኔት አልተመለሰችም። ጊዜው አልፎባት፣ ልቧም ወደ ሌላ ትምህርት አዘንብሎ ነበር። ነገር ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ታናሽ ወንድሟን በእጇ ይዛ መጣች። መሣሪያ አልገዙም ነበር። «መጀመሪያ እርስዎ ይንፉበት ብለን ነው» አለችኝ። በዚያው ሳምንት ሦስታችን አብረን ሄድን፤ አራት ክላርኔት ነፋሁና አራተኛውን መረጥን። ልጁ በሁለተኛው ወር መሸጋገሪያውን ተሻገረ። ከንፈሩ ከእኅቱ ከንፈር የተለየ አልነበረም።